አኬሎና የቀትሩ እሳት

አኬሎ ኦጁሉ ስምንት ዓመት ሙሉ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ኖራለች። ሥራዋ ነው። ከደጋው ቁልቁል ወርዶ ጋምቤላ ከተማ የሚገባውን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በእግሯ ትከተላለች፤ ከአንዱ የብረት ምሰሶ ወደ ሌላው፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ሣር እየከፈለች። ሽቦውን ከብረቱ ለይቶ የሚይዘው ስኒ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ጎጆ ሠርቶ እንደሆነ፣ ዛፍ አድጎ ሽቦውን ሊነካ ደርሶ እንደሆነ ታያለች። በእሷ ክልል ሰማንያ አራት ምሰሶ አለ። መሥሪያ ቤቱ በቁጥር ነው የሚጠራቸው። እሷ ግን ለብዙዎቹ ስም አውጥታላቸዋለች፦ ጠማማው፣ የንቦቹ፣ ወፎች ከአናቱ እስከ ወገቡ በኩሳቸው ነጭ ያለበሱት ሙሽራው።

መሥሪያ ቤቱ እሷንም ቢሆን በስሟ አይጠራትም። በወረቀቱ ላይ "የኮንትራት ሠራተኛ" ናት። በየስድስት ወሩ የሚታደስ ኮንትራት፣ ስምንት ዓመት። በፀሐይ እየተቃጠለች፣ በወባ እየተንቀጠቀጠች፣ ሁለት ጊዜ ከጉማሬ ሮጣ ያመለጠችን ሰው "ጊዜያዊ" ብሎ የሚጽፍ እጅ ትንሽ እንኳ አያፍርም። ወረቀቱን የሚፈርመው ኃላፊ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ እሱ ግን ቋሚ ነው። መስመሩን አንድም ቀን በእግሩ ሄዶበት አያውቅም፤ እሱ ግን ቋሚ ነው።

በዚህ በጋ ግን ወሬው ተቀየረ። "አኬሎ ቋሚ ልትሆን ነው" ተባለ። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ፊርማ ብቻ ቀርቶት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ያመጣላት የቀትሩ እሳት ነው።

ጋምቤላ ውስጥ ሣር ይቃጠላል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ታኅሣሥ ላይ በአውሮፕላን ሲመጣ አገሩ በሙሉ የጋየ ይመስለዋል። አሮጌው ካልነደደ አዲሱ አይበቅልም፣ እባቡ አይሸሽም፣ እርሻው አይጸዳም። አኙዋኩም ያቃጥላል፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ የሰፈረው ገበሬም ያቃጥላል። ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ከሽቦው ሥር ረጅም ሣር ሲነድ ኤሌክትሪኩ ነበልባሉንና ወፍራሙን ጭስ ተከትሎ ከሽቦው ወደ መሬት ይዘላል። ከዚያ መብራት ይጠፋል።

ድሮ መንደሩ ሁሉ የሚያቃጥለው አመሻሽ ላይ ነበር፤ ነፋሱ ሲበርድ፣ ቀሪውን ፍም ጤዛ እንዲያጠፋው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ትልቅ የሶላር ጣቢያ ተተከለና ቀን ቀን ከከተማው ግማሽ በላይ የሚሆነውን በፀሐይ ኃይል ይመግበው ጀመር። ያኔ አኬሎ አሰበች። ለማሰብ ደመወዝ የሚበሉት ሰዎች ቬንትሌተር ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ ምሳዋን ከጠማማው ሥር ቁጭ ብላ እየበላች አሰበች። ማቃጠል ካልቀረ ለምን በቀትር አይሆንም? ከደጋው የሚመጣው ቢቋረጥ እንኳ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ከተማውን ትይዘዋለች። አመሻሽ ላይ ግን ፀሐይ የለችም።

ማንም ቢሰማው ትክክል ነው የሚለው ሐሳብ ነው። እሷም ትክክል ነው ብላ ከመንደር መንደር ዞረች።

መጀመሪያ የተቀበሏት የመንደር ዘጠኙ አቶ ሰብስቤ ናቸው። መንደር ዘጠኝ የሰፋሪዎች መንደር ነው፤ መስመሩ በማሽላ እርሻቸው ላይ ያልፋል። አቶ ሰብስቤ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ከወሎ ሲመጡ በእጃቸው ያሰሯት ሰዓት እስከ ዛሬ ትሠራለች፤ እስከዚያ ቀን ግን ለዚች ሰዓት ሥራ የሰጣት ሰው አልነበረም።

"ስድስት ሰዓት ነው ያልሽው?" አሏት።

"አዎ ጋሽ ሰብስቤ፣ ስድስት ሰዓት አካባቢ።"

"አካባቢ የሚባል ነገር አላውቅም የኔ ዓለም። ስድስት ካልሽ ስድስት ነው።"

ከዚያ ወዲህ አቶ ሰብስቤ ክብሪቱን በቀኝ፣ ሰዓታቸውን በግራ ይዘው ይቆማሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ያላቸው ሴት፣ "ቅዳሴ እንኳ እንዲህ በሰዓቱ ሄዶ አያውቅም" እያሉ ይስቁባቸዋል።

እምቢ ያላት ኦጅዋክ ብቻ ነው። ኦጅዋክ ከወንዙ በኩል ያለው የአኙዋክ መንደር ሽማግሌ ነው፤ በመንደሩ እሳት የሚለቀቀው እሱ ሲል ነው። አማርኛው አጭር ነው፤ ከአፉ የወጣው ግን አይታጠፍም።

"ቀን እሳት አይታይም" አላት። "ፀሐይ ትደብቀዋለች። የማላየውን እሳት አልለቅም።"

"አባቴ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው።"

"እሺ። ሳይንስ ይምጣ። ማታ ከኔ ጋር ያቃጥላል።"

ተናደደች። ሪፖርቷ ላይ "የአንድ መንደር ሽማግሌ ተባባሪ አልሆኑም" ብላ ስሙን ጭምር ጻፈች። በዓመቱ መጨረሻ ለእሷ የምስክር ወረቀት ተሰጣት፣ በፍሬም። እናቷ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

መብራቱ ግን ባሰበት።

ድሮ መብራት ሲጠፋ ብልጭ ብሎ ይመለስ ነበር። አሁን በቀትር ከሄደ እስከ ዘጠኝ፣ አስር ሰዓት አይመለስም። አርባ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ቬንትሌተር ይቆማል፣ የውኃ ፓምፑ ይቆማል፣ ባሮ ዳር የዓሣ ነጋዴዎቹ በረዶ ይቀልጣል። በመስመሩ የደጋ ጫፍ ያለው ጣቢያ "ችግሩ የከተማው ነው" ብሎ ጻፈ። ሶላር ጣቢያው "ችግሩ የመስመሩ ነው" ብሎ ጻፈ። የከተማው ቢሮ "ችግሩ የጭስ ነው" ብሎ ጻፈ። ሦስቱም ወረቀቶች ቁጥር ተሰጥቷቸው ሦስት የተለያየ ሳጥን ገቡ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። የሰው ምግብ እየበሰበሰ ወረቀት ሲመላለስ ማየት ያስለቅሳል፤ ለነገሩ ያስቃልም።

በመጨረሻ ከዋናው መሥሪያ ቤት ኢንጂነር መልአኩ የሚባል ሰው ሰኞ እንደሚመጣ ተነገረ። አኬሎ በእሱ ፊት የቀትሩን ፕሮግራም እንድታቀርብ፣ ደብዳቤዋም በዚያው ቀን እንዲፈረም ተወሰነ።

ቅዳሜ ዕለት ኛሉዋክን ባሮ ዳር ጠራቻት። ኛሉዋክ የሰብስቴሽኑ ኦፕሬተር ናት፤ መስመሩ ከተማ የሚገባበትን ጣቢያ ቆጣሪና ብሬከር የሚሉትን ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ትጠብቃለች። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ተምረዋል፤ ያኔም ከኋላ ነበር የምትቀመጠው፣ ከፊት ከተቀመጠች ሰሌዳው ለማንም አይታይም። ማንጎ ዛፍ ሥር የተጠበሰ ዓሣ አዘዙ። አኬሎ የመስመር ደብተሯን ይዛለች፤ እያንዳንዱ መንደር መቼ እንዳቃጠለ የጻፈችበትን። የኛሉዋክን መዝገብ የፈለገችው ንግግሯን በቁጥር ለማሳመር ነበር።

"አኬ፣ ዓሣው ሊበርድ ነው። ደብተሩን ተይው።"

"ያልኩሽን አምጥተሻል?"

"ፎቶ አንስቼዋለሁ።" ስልኳን አቀበለቻት። "መዝገቡ ከቢሮ አይወጣም ብለዋል። እኔም አልወጣም ነበር፣ ርቦኝ ነው።"

አኬሎ ጣቷን ጠርጋ ማንበብ ጀመረች። "ጥር ሦስት። ጋሽ ሰብስቤ፣ ስድስት ሰዓት። ያንቺስ?"

"ስድስት ከሃያ። ከደጋው በኩል ያለው ብሬከር ቆረጠ። ተመልሶ ሞከረ፣ አልያዘም። እንደገና ሞከርን፣ አልያዘም። አስር ሰዓት ላይ መጣ።"

"ጥር ስድስት። ኦጅዋክ። ማታ አስራ ሁለት ተኩል።"

"አስራ ሁለት ከአርባ። ቆረጠ፣ ያዘ። አንድ ሰከንድ። ቡናዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።"

አኬሎ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ገጹን ገለጠች። ጥር ዘጠኝ፣ መንደር ዘጠኝ፣ ቀትር፤ እስከ ዘጠኝ ተኩል ጨለማ። ጥር አስራ አንድ፣ ኦጅዋክ፣ ማታ፤ ብልጭታ። ወደ ኋላ፣ ወደ አምናው ገለጠች። አምናም ያው። እሷ "ተባባሪ" ያለቻቸው ሁሉ ከተማውን ግማሽ ቀን አጨልመውታል። "ተባባሪ ያልሆነው" ሰውዬ አንድም ቀን ከብልጭታ በላይ አላስከተለም።

ዓሣው በረደ።

"ንገሪኝ" አለች አኬሎ። "ጭሱ ኤሌክትሪኩን ሲያዘልለው መጀመሪያ የሚለቀው ማነው?"

"የደጋው ጫፍ። እዚያ ሪሌ አለ፣ የመስመሩ ዘበኛ በይው። ትልቅ ጉልበት ወደ አንድ ቦታ ሲፈስ ካየ ብሬከሩን 'ቁረጥ' ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ይመልሰዋል። እስከዚያ እሳቱ ከጠፋ ይይዛል።"

"በኛ በኩልስ?"

"በኛም በኩል ዘበኛ አለ።"

"ቀትር ላይ ቆርጧል?"

ኛሉዋክ ስልኩን ወስዳ ብዙ ገጽ ወደ ላይ አሸሸችው። አፏ ተከፈተ። "አልቆረጠም" አለች። "አንድም ጊዜ።"

"ለምን?"

"ጩኸት ነዋ የሚጠብቀው። ከግድብ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲዘል ይጮኻል፣ ከተለመደው አምስት እጥፍ ሆኖ ይፈሳል። ሶላር አይጮኽም። መሣሪያው ከልኩ አያሳልፈውም። ዘበኛችን 'ሰላም ነው' ብሎ ተኝቷል።"

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ በቀትር የደጋው ጫፍ ሲለቅ፣ የከተማው ጫፍ አልለቀቀም። ሶላሩ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ ፍም እፍ እንደሚል ሰው ከሽቦው የዘለለውን የኤሌክትሪክ እሳት ሲመግበው ይቆያል። የደጋው ጫፍ ተመልሶ ሲመጣ እሳቱ እዚያው ይጠብቀዋል። እንደገና ይለቃል። ሶላሩም በመጨረሻ ደክሞት ይጠፋል፤ ያኔ መስመሩ ተበጥሶ ይሆናል ተብሎ ሰው በእግሩ እስኪያረጋግጥ ይጠበቃል። በእግሩ የሚያረጋግጠው ሰው ደግሞ ማን ሆነና? አኬሎ። የራሷን እሳት ፍለጋ ስትሮጥ ከርማለች።

ማታ ሶላር ተኝቷል። እፍ የሚል የለም። ብልጭ፣ አለቀ።

አኬሎ ወደ ወንዙ ዞረች። ሁለት ታንኳዎች መረብ እየጎተቱ ከድልድዩ ሥር ይወርዳሉ። አንደኛው ዓሣ አጥማጅ ለሌላው የሆነ ነገር ጮኾ ነገረውና ሁለቱም ሳቁ።

"ሰኞ ምን ልትዪ ነው?" አለች ኛሉዋክ።

"ያየሁትን።"

"ደብዳቤውስ?"

አኬሎ ደብተሯን ዘጋች።

"ስሚ፣ ሰኞ ይፈረም። ማክሰኞ ንገሪው። እውነት እንደሆነ ማክሰኞም አይበላሽም፣ ዓሣ አይደለም።"

አኬሎ ሳቀችና የዓሣው አጥንት ጉሮሮዋን ያዛት፤ ኛሉዋክ ጀርባዋን መታቻት። ሳቁ ሲያልፍ ግን እንደተከፋች ታወቀባት። ስምንት ዓመት የጠበቀችው ወረቀት ከፊቷ ነው፤ ሁለት ቀን አፏን ብትይዝ ይበቃል። ማክሰኞ ቀትር ደግሞ አቶ ሰብስቤ ሰዓታቸውን እያዩ ክብሪት ይጭራሉ። እሷ ባለቻቸው ሰዓት።

እሁድ ከመካነ ኢየሱስ መዘምራን ጋር ዘምራ እንዳበቃች፣ የዝማሬ ቀሚሷን ሳትቀይር በኪራይ ሞተር ኦጅዋክ መንደር ሄደች። ሽማግሌው ዛፍ ሥር የዓሣ ወጥመድ ይጠግናል።

"አባቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"ተቀመጪ። ቆሞ ይቅርታ የሚል ሰው ሊሄድ የቸኮለ ነው።"

ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው፤ ግማሹን በአኙዋክኛ፣ የሽቦውን ነገር በአማርኛ። ወጥመዱን እየጠገነ ሰማት።

"በወረቀትሽ ላይ እኔን ምን አልሽኝ?"

"ተባባሪ አልሆኑም።"

"ጥሩ አማርኛ ነው። ማን አስተማረሽ?"

"አባቴ፣ ተዉኝ እንግዲህ።"

"አሁንስ ምን ትጽፊያለሽ?"

"ትክክል ነበሩ ብዬ።"

ኦጅዋክ ራሱን ነቀነቀ። "አልነበርኩም። እኔ ሽቦ አላውቅም። እሳቴን ላየው ፈለግሁ፣ በቃ። ትክክል የሆንኩት ሳላውቅ ነው። ስትጽፊ እሱንም ጻፊ።" ከዚያ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። "ግን ሰብስቤ ይሰማል፣ አይደል? ሰብስቤ ይህን መስማት አለበት።"

ሰኞ ኢንጂነር መልአኩ መጣ። ወጣት ነው፤ ኮት ለብሷል። ጋምቤላ ላይ በየካቲት ኮት። ላቡ ከግንባሩ እስከ አገጩ ይወርዳል፤ ማንም ግን አውልቅ ያለው የለም፣ ኃላፊዎቹ ለማዕረጉ ሲሉ። አኬሎ ልትናገር ተነሣችና መጀመሪያ "ኢንጂነር፣ ኮትህን አውልቅ፣ ትወድቃለህ" አለችው። አወለቀ። አመሰገነም።

"የቀትሩ ፕሮግራም ስህተት ነው" አለች ቀጥላ። "ስህተቱ ደግሞ የኔ ነው።"

ኃላፊው ሳለ። "አኬሎ፣ አንዴ ተረጋጊ። በተዘጋጀው መሠረት..."

"ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው ያዘጋጀሁት።" ደብተሯንና ከኛሉዋክ መዝገብ የገለበጠችውን ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የደጋው፣ የሶላሩና የከተማው ቢሮዎች ሁለት ዓመት ያላደረጉት ነገር ይህ ብቻ ነው፦ ጎን ለጎን ማኖር።

መልአኩ አጎንብሶ ብዙ ደቂቃ አነበበ። ሲያበቃ "በዚህ መስመር ላይ ምን ይደረግ ትያለሽ?" አላት። የጠየቃት ከልቡ ነበር። በስምንት ዓመት የመጀመሪያው ጠያቂ ነው።

"የወለደኝ አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር" አለች። "መረብ በሁለት ታንኳ ነው የሚጎተተው። አዞ መረቡ ውስጥ ከገባ ሁለቱም እኩል መልቀቅ አለባቸው። አንዱ ለቆ ሌላው ከያዘ የያዘው ታንኳ ይገለበጣል። ችግሩ፣ አዞው በአንዱ ጫፍ ሲሆን ሌላው አይሰማውም። ስለዚህ መጀመሪያ የተሰማው 'ልቀቅ' ብሎ ይጮኻል። ሌላው ገመዱ እጁን እስኪጎትተው አይጠብቅም፤ ለምን ብሎም አይጠይቅም። ይለቃል። የኛ ዘበኛ አዞው አይሰማውም። ታዲያ የደጋው ለምን አይጮኽለትም?"

መልአኩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይሄ ነገር አለ" አለ ቀስ ብሎ። "ከአንዱ ጫፍ ለሌላው የሚላክ ትእዛዝ ነው፤ የተላከለት ሳያጣራ ይቆርጣል። ጩኸቱ የሚሄድበትም አለ። በምሰሶዎቹ አናት ላይ በተዘረጋው ሽቦ ውስጥ ፋይበር አለ፤ መስመሩ ሲሠራ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልተገናኘም?"

መልአኩ ወደ ኃላፊው አየ፤ ኃላፊው ወደ ጣሪያው። "ሶላሩ ሲገባ ማንም አልጠየቀም" አለ መልአኩ።

ማንም አልጠየቀም። ያን ሁሉ ፓነል በሪባን የመረቀ ሰው፣ የፀሐይ ኃይል መስመሩ ላይ ሲጨመር የድሮው ዘበኛ መስማት ያቅተው እንደሆነ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘም። ለሪባኑ ግን መቀስ ተገኝቷል።

ስብሰባው ሲያበቃ ኃላፊው አኬሎን ወደ ጎን ጠርቶ "ደብዳቤው ለጊዜው ይቆይ" አላት። "በስህተት ላይ ተመሥርቶ ቋሚ ማድረግ ያስጠይቃል።" መሳቢያውን ቆለፈ። አኬሎ ወጥታ ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ ለቅሶው እስኪመጣ ጠበቀች፣ አልመጣላትም። ይልቅ ትከሻዋን ቀልሏት ነበር፤ እስከ ቤቷ እያንጎራጎረች ሄደች፣ ባለ ባጃጁም በመሪው ላይ እየመታ አጀባት።

መልአኩ ሁለት ሳምንት ከኛሉዋክ ጋር ሰብስቴሽኑ ውስጥ፣ ከደጋው ጫፍ ሰዎች ጋር ደግሞ በስልክ እየተነጋገረ ሁለቱን ዘበኞች በፋይበሩ ሲያገናኝ ሰነበተ። አኬሎ በዚያው ጊዜ ያወጣችውን ሕግ እያፈረሰች ከመንደር መንደር ዞረች።

"አሁን ደግሞ በስንት ሰዓት?" አሏት አቶ ሰብስቤ።

"ማታ፣ አስራ ሁለት ተኩል። ለጊዜው።"

"ሰዓቴን ያስለመድኳት ለስድስት ነው።"

"ጋሽ ሰብስቤ፣ ኦጅዋክ ሰላም ብሎዎታል።"

"አውቃለሁ። ትናንት እዚህ ድረስ በእግሩ መጥቶ ሲስቅብኝ ዋለ። ምሳዬንም በላ።"

የሙከራው ቀን ደረሰ። ቦታው የመንደር ዘጠኝ እርሻ፣ ሰዓቱ ስድስት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ወፍጯቸውን አቁመው አንድ ትልቅ አምፖል በራፉ ላይ አንጠለጠሉ፤ ሰው ሁሉ እሱን እንዲያይ። ሁለቱም መንደር ወጥቷል። መልአኩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከኛሉዋክ ጋር ያወራል። በዚህ አገር መብራት እንዲጠፋ ሕዝብ ተሰብስቦ የጠበቀው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

አቶ ሰብስቤ ሰዓታቸውን አዩና ጫሩ። ሣሩ ነደደ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ሽቦውን ዳብሶት አለፈ። አምፖሉ ይበራል። ሁሉም ይጠብቃል። አምፖሉ ይበራል።

"ወትሮ በሐሳብ ነበር የሚጠፋው" አለች አኬሎ።

ወደ ሁለተኛው ምሰሶ ሄደው ደገሙ። እሳቱ ከወገብ አላለፈም። አምፖሉ ይበራል። አንድ ገበሬ "ዛሬ ምን ነካው፣ ሰው አየና ኮራ" አለና ሳቅ ሆነ። መልአኩ ግን አልሳቀም፤ አውሮፕላኑ በማግስቱ ነው። ዛሬ ካልዘለለ ምንም አልታየም፤ ምንም ካልታየ ኃላፊው መሳቢያውን የሚከፍትበት ምክንያት አይኖረውም።

ኦጅዋክ እስከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሣ።

"ይህ ሣር ልጅ ነው" አለ። "ሰብስቤ በየጊዜው ያቃጥለዋል፣ አያረጅም። እዚያ።" በጣቱ ከጅረቱ ማዶ ያለውን ምሰሶ አሳየ። ሥሩ ሁለት ዓመት ያልነደደ፣ ቢጫ፣ ከሰው በላይ የቆመ ሣር አለ። "እሱ ጥቁር ይጤሳል። ነፋሱ ደግሞ አሁን ይዞራል። ትንሽ ጠብቁ።"

"በስንት ደቂቃ ይዞራል?" አሉ አቶ ሰብስቤ ሰዓታቸውን እያዩ።

"ሲዞር።"

ነፋሱ ዞረ። ኦጅዋክ ሰዉን ሁሉ ብዙ ርምጃ ወደ ኋላ አስመለሰና ራሱ ጫረ፤ በቀትር፣ የማይታየውን እሳት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ነበልባሉ ፀሐይ ውስጥ አይታይም፤ ሣሩ ሲንኮታኮት ብቻ ይሰማል። ከዚያ ጥቁር ጭስ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሽቦውን ዋጠው።

ጧ አለ። ከጭሱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ወረደ።

አምፖሉ ጠፋ።

አምፖሉ በራ።

መልአኩ ስልኩን ወደ ጆሮው አጥብቆ ያዘ። የኛሉዋክ ድምፅ ለሁሉም በሚሰማ ጩኸት መጣ፦ "የደጋው ለቀቀ፣ የኛም ለቀቀ፣ አብረው ለቀቁ፣ ያዘ፣ ይዟል።"

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እልል አሉ። ከዚያ የኦጅዋክ መንደር ሴቶች በራሳቸው ዜማ ተቀበሏቸው፤ አኬሎ የመዘምራን ድምፅዋን አወጣች፤ መልአኩን ሁለት ሰው ክንዱን ይዘው መሐል አስገቡት፤ እሱም ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ እግሩ እሺ እስካለው ድረስ ዘለለ። አንድ ሰከንድ መብራት ስለጠፋ እንዲህ የተጨፈረበት መንደር የለም። አቶ ሰብስቤ ወደ ኦጅዋክ ሄደው እጁን ጨበጡት።

"ከስድስት ሰዓት አርባ ሁለት ደቂቃ አሳለፍክ" አሉት።

"ይቅርታ" አለ ኦጅዋክ፣ ምንም ይቅርታ በሌለው ፊት።

መልአኩ ከመሄዱ በፊት ኃላፊው ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋ። የተባባሉትን ማንም አልሰማም። የታወቀው ሪፖርቱ ሲመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአኬሎ ኦጁሉ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። ችግሩን ያገኘችው፣ የራሷን ስህተት ያጋለጠችው፣ መፍትሔውንም የጠቆመችው እሷ መሆኗን፣ እንዲህ ያለ መስመር ያለ ቋሚ ጠባቂ ሊተው እንደማይገባም ይላል። መሳቢያው ተከፈተ። ለስምንት ዓመት የተቆለፈውን ነገር ለመክፈት አንድ ከሩቅ የመጣ ሰው ፊርማ ማስፈለጉ ያናድዳል፤ አኬሎ ግን ያን ቀን ለመናደድ ጊዜ አልነበራትም። ደብዳቤዋን ይዛ ኛሉዋክን ዓሣ ጋበዘች፤ የራሷንም ሳይበርድ በላችው።

በሳምንቱ መስመሯን ስትከተል ከጅረቱ ማዶ ደረሰች። ኦጅዋክ እዚያው አካባቢ ወጥመዱን ሊያይ መጥቶ ነበር። ሥሩ የጠቆረውን ምሰሶ ቀና ብላ አየችው፤ ስኒው ደህና ነው፣ ትንሽ ጥላሸት ብቻ። እስከዚያ ቀን ስም አልነበረውም።

"ለዚህኛው ስም አወጣሁለት" አለችው።

"ማን አልሽው?"

"ኦጅዋክ።"

ሽማግሌው ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ አየው። "እኔን ለምን?"

"እንደ እርስዎ ነዋ" አለች አኬሎ ደብተሯን እያወጣች። "ነፋሱ እስኪዞርለት ተባባሪ አልሆነም።"

ኦጅዋክ ወጥመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሳቀ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ሳቁ ጅረቱን እስኪያልፍ ይሰማት ነበር። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄደች።